ስልኩ ይሠራል፣ ሶፍትዌሩን ግን የሚጠግነው የለም

ቢሮ ጥግ ላይ ተቀምጦ ለዓመታት ማንም ሳይነካው የሚሠራ የኢንተርኔት ስልክ ሰርቨር የሚታወሰው መስመር ሲጠፋ ብቻ ነው። ስልኩ እስከጮኸ ድረስ «የሚሠራን ነገር አትንካ» የሚለው ምክር ያሸንፋል። ለፕሪንተር ጥሩ ምክር ሊሆን ይችላል። ለስልክ ሰርቨር ግን መጥፎ ምክር ነው። ሌላ ዓይነት ሰርቨር የሰበረ ሰው ገንዘብ ለማግኘት የሰረቀውን መረጃ መሸጥ ወይም ባለቤቱን ማስፈራራት አለበት። የስልክ ሰርቨር የሰበረ ሰው ግን ገዢ መፈለግ አያስፈልገውም፤ እዚያው መደወል ይጀምራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አጭበርባሪው የደቂቃ ዋጋቸው ውድ የሆነ ቁጥሮችን ይዞ፣ ወደነሱ በሚገባው ጥሪ ልክ ድርሻ ይከፈለዋል። ከዚያ በእናንተ ትራንክ (ሰርቨራችሁን ከአገልግሎት ሰጪው ጋር በሚያገናኘው መስመር) በኩል ወደ ራሱ ቁጥሮች ያስደውላል። 30 ቻናል ያለው፣ ማለትም በአንድ ጊዜ 30 ጥሪ የሚይዝ ትራንክ አርብ ማታ 12 ሰዓት ላይ ቢያዝና ነገሩ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቢታወቅ 60 ሰዓት ሙሉ ሲደወል ቆይቷል ማለት ነው። 30 ቻናል በ60 ደቂቃ፣ ያም በ60 ሰዓት ሲባዛ 108,000 ደቂቃ ይሆናል። ይህን ቁጥር በአገልግሎት ሰጪያችሁ የታሪፍ ሰንጠረዥ ላይ ካለው እጅግ ውድ መዳረሻ ጋር አባዙትና ራሳችሁ እዩት። ጥቃቱ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓልና ሌሊት ላይ የሚበዛው ለዚህ ነው። ጥሪው በራሳችሁ መስመርና በራሳችሁ ፓስወርድ ስለወጣ፣ ካለፈ በኋላ «እኛ አልደወልንም» ብሎ መከራከር ከባድ ነው።

አራት ማብቂያ ቀን እንጂ አንድ አይደለም

ብዙ ሰው «ሲስተሙ ድጋፍ አለው?» ብሎ ሲጠይቅ አንድ መልስ ይጠብቃል። አንድ የስልክ ሰርቨር ላይ ግን ቢያንስ አራት ሶፍትዌሮች ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ የድጋፍ ዘመናቸውም የሚያበቃው በየራሳቸው ጊዜ ነው። ከሥር ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አለ። ከላዩ ጥሪውን የሚያስተናግደው ሞተር አለ፤ በነጻ ሶፍትዌር በኩል አብዛኛውን ጊዜ አስቴሪስክ ነው። በዚያ ላይ ኤክስቴንሽን (የቢሮው የውስጥ ቁጥር) የሚከፈትበት የዌብ ፓነል፣ ማለትም ፍሪፒቢኤክስ ወይም ኢሳቤል፣ አለ። ፓነሉ የሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፒኤችፒም፣ የራሱ ቀን አለው።

አስቴሪስክ ረጅም ድጋፍ ለሚሰጣቸው ስሪቶች 5 ዓመት ይመድባል፤ የመጨረሻው ዓመት ለደኅንነት ጥገና ብቻ ነው። በዚህ መሠረት 13 በጥቅምት 2021፣ 16 በጥቅምት 2023፣ 18 ደግሞ በጥቅምት 2025 አብቅተዋል። 20 እስከ ጥቅምት 2027፣ 22 እስከ ጥቅምት 2029 ይሄዳሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ላይ ስንመጣ፣ ሴንትኦኤስ 6 በኅዳር 2020፣ ሴንትኦኤስ 7 በሰኔ 2024 ተዘግተዋል። ፒኤችፒ 7.4 በኅዳር 2022 አብቅቷል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፍሪፒቢኤክስ 16 ከነኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ተጠቅልሎ ሲመጣ የተሠራው በሴንትኦኤስ 7 ላይ ነው፤ የሚጠቀመውም ፒኤችፒ 7.4 ነው። ሞጁሎቹን አዘምኖ ፓነሉ ላይ «ሁሉም ወቅታዊ ነው» የሚል መልእክት ያየ ሰው ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። ከሥሩ ያለው ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ግን ከተዘጋ ቆይቷል። ፍሪፒቢኤክስ 17 ወደ ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ወደ ዴቢያን 12፣ የተሸጋገረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከ16 ወደ 17 መሄድ ማለትም አዲስ ሰርቨር መትከል ማለት እንጂ አንድ ቁልፍ መጫን አይደለም። ኢላስቲክስ የሚል ስም ፓነላችሁ ላይ የምታዩ ከሆነ ደግሞ ብዙ መቁጠር አያስፈልግም። ስሙን 3ሲኤክስ የተባለው የስልክ ሶፍትዌር ኩባንያ በ2016 ገዝቶታል፤ የድሮው ኮድ የቀጠለው ኢሳቤል በሚል ስም ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አራቱን ስሪቶች ጽፋችሁ ያዙ። የአስቴሪስኩን ከራሱ የትእዛዝ መስመር፣ የፓነሉንና የሞጁሎቹን ከአስተዳዳሪው ገጽ፣ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙንና የፒኤችፒውን ከሰርቨሩ ተርሚናል ታገኛላችሁ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ድጋፍ የሌለው ስሪት ላይ ምን ይደርሳል

አንድ ምሳሌ ነገሩን በደንብ ያሳያል። በ2017 አርቲፒብሊድ የተባለ ክፍተት ይፋ ሆነ። ድምፅ የሚተላለፍበት ፖርት (የኔትወርክ በር) ላይ ማንም ሰው ከውጭ ፓኬት (ቁራጭ ዳታ) ቢልክ፣ ሰርቨሩ «ደዋዩ አድራሻ ቀየረ» ብሎ አምኖ የሌላ ሰው ንግግር ይልክለት ነበር። መስመር መጥለፍ፣ ፓስወርድ ማወቅ አያስፈልግም። ለአስቴሪስክ 11፣ 13 እና 14 ጥገና ወጣ። 12 ግን ድጋፉ በ2015 ስላበቃ ምንም አልወጣለትም። ክፍተቱን ያሳወቀው ጽሑፍ እንዴት እንደሚጠቃ ለሁሉም ያስረዳል፤ ጥገናው ግን ለአንዳንዱ ብቻ ነው የሚደርሰው። ለአዲሱ ስሪት የወጣ እያንዳንዱ ጥገና ለአሮጌው ስሪት የጥቃት መመሪያ ይሆናል።

በተግባር ግን ዋናው ቀዳዳ የጥሪው ሞተር ሳይሆን የዌብ ፓነሉ ነው። ኢላስቲክስ 2.2 ውስጥ በ2012 የታወቀ ክፍተት ማንም ሰው ሳይገባ የማዋቀሪያ ፋይሉን እንዲያነብ ያደርግ ነበር፤ ፋይሉ ውስጥ ፓስወርዱ ሳይመሰጠር ተጽፏል። በ2019 በፍሪፒቢኤክስ 13፣ 14 እና 15 ላይ ያለ ፓስወርድ አስተዳዳሪ ሆኖ መግባት የሚያስችል ክፍተት ተገኘ። የደኅንነት ኩባንያው ቼክ ፖይንት በኅዳር 2020 ባወጣው ዘገባ፣ አንድ ቡድን ይህንኑ ክፍተት ተጠቅሞ በ12 ወር ውስጥ ወደ 1,200 የሚጠጉ ድርጅቶችን እንዳጠቃ ገልጿል። ጥገናው ከወጣ ቆይቶ ነበር፤ የተጠቁት ያላዘመኑት ናቸው።

ነሐሴ 2025 ላይ ሲቪኢ-2025-57819 የሚል መለያ የተሰጠው የፍሪፒቢኤክስ ክፍተት መጣ። ይህም ሳይገቡ ሰርቨሩን መቆጣጠር የሚያስችል ነው፤ ከባድነቱ ከ10 ነጥብ 10 ተሰጥቶታል። ጥገናው የወጣው ለፍሪፒቢኤክስ 15፣ 16 እና 17 ሲሆን፣ ጥቃቱ የጀመረው ጥገናው ከመድረሱ በፊት ነበር። የአስተዳዳሪው ገጽ ለኢንተርኔት ክፍት ያልነበረ ሰርቨር ግን፣ ሳይዘምንም ቢሆን፣ ከውጭ ከመጣው ጥቃት ተርፏል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ የምለው ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

በገንዘብ የሚገዙትም ከዚህ አያመልጡም። በ2022 ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው የሎሬንዝ ራንሰምዌር ቡድን ሚቴል በሠራው ማይቮይስ ኮኔክት የተባለ የስልክ ሲስተም ላይ ባለ ክፍተት ገብቶ ወደ ውስጥ ኔትወርኩ ተሻግሯል። ስልኩ ለእነሱ በር ብቻ ነበር። የስልክ ሰርቨሩ ከሂሳብ ክፍሉ ኮምፒውተሮች ጋር በአንድ ኔትወርክ ላይ ከተቀመጠ አደጋው ከቢል ያልፋል።

«ማዘመንም አደጋ አለው፤ 3ሲኤክስን አላያችሁም?» የሚል ክርክር እሰማለሁ። እውነት ነው፤ በመጋቢት 2023 የ3ሲኤክስ የዴስክቶፕ መተግበሪያ ራሱ፣ በኩባንያው ፊርማ ታትሞ፣ ቫይረስ ይዞ ለደንበኞች ተሰራጭቷል። ግን ያ የታወቀው፣ የተነገረውና የተተካው ሶፍትዌሩን የሚከታተል ሰው ስላለ ነው። ድጋፉ ባበቃ ሲስተም ላይ ይህን የሚነግራችሁ የለም።

ከውጭ እንዴት እንደሚታዩ

ሲፕ (ጥሪ የሚጀመርበትና የሚዘጋበት ፕሮቶኮል) የሚሰማበት ፖርት 5060 ለኢንተርኔት ክፍት ከሆነ የሚቃኙት ሮቦቶች ወዲያው ያገኙታል። ሲፕቪሸስ የተባለው መሣሪያ ለደኅንነት ፈታሾች የተሠራ ቢሆንም አጥቂዎችም ይጠቀሙበታል፤ ሳይቀይሩት የሚሮጡት ሰዎች ሎግ (የሰርቨሩ መዝገብ) ላይ «ፍሬንድሊ ስካነር» የሚል ስም ይተዋሉ። አካሄዱ ሦስት ደረጃ አለው፦ ሰርቨሩን ማግኘት፣ የትኞቹ ኤክስቴንሽኖች እንዳሉ ማወቅ፣ ፓስወርድ መገመት። በድሮ አስቴሪስክ ላይ ሁለተኛው ደረጃ ቀላል ነው፤ ላለ ኤክስቴንሽንና ለሌለ ኤክስቴንሽን የሚሰጠው መልስ ስለሚለያይ።

ፓስወርድ ሳይገምቱ የሚሞክሩም አሉ። ቻንሲፕ በሚባለው የአስቴሪስክ የድሮ የሲፕ ሞጁል ውስጥ «አላውጌስት» የሚለው ቅንብር ካልተዘጋ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ጥሪ ማስገባት ይችላል፤ ያ ጥሪ የሚያርፍበት ዳያልፕላን (ጥሪ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ደንብ) ወደ ውጭ መደወል የሚፈቅድ ከሆነ ነገሩ አበቃ። ሎጉ ላይ አንድ የውጭ አገር ቁጥር በተለያየ መነሻ፣ አንዴ በ00፣ አንዴ በ900፣ አንዴ በ011፣ አንዴ በ9011 ሲሞከር ካያችሁ ሰውየው የእናንተን መውጫ ኮድ እየፈለገ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው የጠረጴዛ ስልኮቹን ነው። ስልኩ ሲነሳ የራሱን ማዋቀሪያ በቲኤፍቲፒ ወይም በኤችቲቲፒ (ፋይል በሚያስተላልፉ ፕሮቶኮሎች) ከሰርቨሩ ያወርዳል፤ የፋይሉ ስም የስልኩ ማክ አድራሻ (የመሣሪያው መለያ) ነው፤ ውስጡ የሲፕ ፓስወርዱ ሳይመሰጠር ተጽፏል። ከማክ አድራሻው 12 ቁምፊዎች የመጀመሪያዎቹ 6 የአምራቹ ስለሆኑ የሚታወቁ ናቸው። የቀሩትን 6 በሮቦት መሞከር ይቻላል። ይህ ማውረጃ ለኢንተርኔት ክፍት ከሆነ የፓስወርዱ ርዝመት ምንም አይጠቅምም።

ዛሬ ማታ የሚሠራው

መሸጋገሩ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ እስከዚያ ድረስ መዝጋት ይቻላል። ብዙዎች ከፌይልቱባን ይጀምራሉ። እኔ መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው። ፌይልቱባን ሎግ አንብቦ የሚያግድ ነው፤ የድሮ አስቴሪስክ ደግሞ አንዳንድ የከሸፉ ሙከራዎችን ሲመዘግብ የአጥቂውን አይፒ አይጽፍም። የፓነል ክፍተት ደግሞ የሚያልፈው በአንድ ጥያቄ ነው፤ የሚቆጠር የከሸፈ ሙከራ የለውም።

የመጀመሪያው ስልክ ለአገልግሎት ሰጪው ነው። ወደ ውጭ አገር መደወል የማያስፈልጋችሁ ከሆነ በእነሱ በኩል እንዲዘጉት ጠይቁ፤ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ የምትደውሉባቸውን አገሮች ብቻ አስፈቅዱ። በአንድ ጊዜ የሚወጡ ጥሪዎች ብዛትና የቀን ወጪ ጣሪያ አስቀምጡ። ቅድመ ክፍያ ከሆነ፣ ሂሳቡ ሲያልቅ ከባንክ ካርድ በራሱ የሚሞላውን አገልግሎት አጥፉ፤ እሱ ካለ የቅድመ ክፍያ ጥቅሙ ጠፍቷል። ይህን ሁሉ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ብቻ አታድርጉ፤ ሰርቨሩን የያዘ ሰው ገደቡንም ያነሳዋል።

ሁለተኛው ፋየርዎል ነው። ከሰርቨሩ ፊት ባለ ራውተር ወይም ሌላ ማሽን ላይ ሁሉንም ዝጉና የሚያስፈልገውን ብቻ ክፈቱ። 5060 ከአገልግሎት ሰጪው አይፒዎች ብቻ ይግባ። የድምፅ ፖርቶቹ፣ ካልተቀየሩ ከ10000 እስከ 20000 ዩዲፒ (ከቲሲፒ ጋር ከሁለቱ ዋና የዳታ ማስተላለፊያ መንገዶች አንዱ)፣ እንዲሁ ለእነሱ ብቻ። ብዙ አገልግሎት ሰጪዎች የጥሪ ምልክቱን ከአንድ አይፒ፣ ድምፁን ከሌላ አይፒ ስለሚልኩ ሙሉ ዝርዝሩን ጠይቁ፤ አለበለዚያ ስልኩ ይጮሃል፣ ሲነሳ ግን ድምፅ በአንድ በኩል ብቻ ይሰማል። የአስተዳዳሪ ገጹ፣ ኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ትእዛዝ መስመር መግቢያው)፣ 5038 ላይ ያለው ኤኤምአይ (የአስቴሪስክ መቆጣጠሪያ)፣ 3306 ላይ ያለው ዳታቤዝ፣ 4569 ላይ ያለው አይኤኤክስ (የአስቴሪስክ የራሱ የጥሪ ፕሮቶኮል)፣ 69 ላይ ያለው ቲኤፍቲፒ ከውጭ አንዳቸውም መታየት የለባቸውም። ከዚያ ከሌላ ኔትወርክ፣ ለምሳሌ በሞባይል ዳታ፣ ክፍት ፖርት በሚፈልገው በኤንማፕ ፈትሹ። ዩዲፒን ለይታችሁ ማዘዝ አለባችሁ፤ የተለመደው ፍተሻ የሚያየው ቲሲፒን ብቻ ነው፤ ሲፕ ደግሞ በአብዛኛው ዩዲፒ ላይ ነው።

ከቤት ሆነው የሚሠሩ ሰዎች ካሉ በቪፒኤን ይግቡ። ዋየርጋርድ የተባለው ቪፒኤን ጥሩ ነው፣ ግን በአሮጌው ሰርቨር ላይ አትጫኑት፤ ዋየርጋርድ ወደ ሊኑክስ ከርነል የገባው በ5.6 ነው፣ ሴንትኦኤስ 7 ደግሞ 3.10 ላይ ነው ያለው። ራውተሩ ወይም ፊት ለፊት ያለው ትንሽ ማሽን ይሥራው።

ከዚህ በኋላ የቀሩት አጭር ናቸው። እንግዳ ጥሪ («አላውጌስት») ይዘጋ። የሲፕ ፓስወርዶች በዘፈቀደ የተፈጠሩና ከ20 ፊደል በላይ ይሁኑ። የድምፅ መልእክት ሳጥን ውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ መደወል የሚፈቅደው አማራጭ ይጥፋ፤ የሳጥኑ ሚስጥር ቁጥር 1234 ወይም ራሱ የኤክስቴንሽኑ ቁጥር የሆነበት ሁሉ ይቀየር። ከውጭ ደውሎ የቢሮውን መስመር መጠቀም የሚያስችለው ዲሳም እንዲሁ ይጥፋ፤ የሚፈልገው ሰው ካለ ራሱ መጥቶ ይናገራል።

ቀድሞ ተሰብሮ ከሆነስ

በር ከመዝጋታችሁ በፊት ሌባው ውስጥ አለመሆኑን ማየት ያስፈልጋል። በ2021 መጨረሻና በ2022 መጀመሪያ ዩኒት 42 የተባለው የደኅንነት ተመራማሪዎች ቡድን የተከታተለው ዘመቻ ኢላስቲክስ ባለው የዲጂየም የስልክ ሲስተም ላይ ያነጣጠረ ነበር። የገባው ኮድ በዌብ ማውጫው ውስጥ የተደበቁ የፒኤችፒ ፋይሎች ያስቀምጣል፣ የሩት (የሰርቨሩ ሙሉ) ሥልጣን ያላቸው አዳዲስ ተጠቃሚዎች ይፈጥራል፣ በየደቂቃው የሚሮጥ የክሮን ሥራ (በቀጠሮ በራሱ የሚነሳ ትእዛዝ) ይተክላል። ፋይሉን ብታጠፉት በሚቀጥለው ደቂቃ ይመለሳል። የ2025ቱን ጥቃት የተመለከቱ ሰዎች ደግሞ የፓነሉ ዋና ማዋቀሪያ ፋይል መጥፋቱን ወይም መቀየሩን፣ በዌብ ማውጫው ውስጥ ስሙ በነጥብ የሚጀምር «ክሊን» የተባለ ስክሪፕት መኖሩን፣ ወደ 9998 የተደወሉ ያልተለመዱ ጥሪዎችን አግኝተዋል።

እናንተም ፈልጉ፦ የክሮን ዝርዝር፣ ለሩትም ለአስቴሪስክ ተጠቃሚም፤ የኤስኤስኤች ቁልፎች ዝርዝር፤ የማታውቁት የፓነል አስተዳዳሪ፤ በቅርብ ቀን የተቀየሩ የፒኤችፒ ፋይሎች፤ ማንም ያልጻፈው ዳያልፕላን፤ ያልጠየቃችሁት የጥሪ ማዞሪያ። አንዱንም ካገኛችሁ ሰርቨሩን አትጠግኑት፤ ከኔትወርክ አውጡትና ዲስኩን ለምርመራ አስቀምጡ። ምንም አላገኘንም ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ሥልጣን የያዘ ሰው ሎጉንም ያጠፋል። ለዓመታት ክፍት የነበረ ፓነል ካለ፣ እኔ ተሰብሯል ብዬ ነው የምነሳው።

መሸጋገር

አዲሱን በሌላ ማሽን ላይ ትከሉ፤ አሮጌው ላይ ደርባችሁ አታዘምኑ። ከድሮው የሚወሰደው መረጃ ብቻ ነው፦ ኤክስቴንሽኖች፣ የጥሪ ቡድኖች፣ የተቀረጹ መልእክቶች፣ የጥሪ መዝገብ። የፒኤችፒ ፋይልና በእጅ የተጻፈ ስክሪፕት ሳታነቡ አታሻግሩ። ፓስወርድ ደግሞ አንድም አይሻገር።

ከባዱ ነገር ቻንሲፕ ነው። አስቴሪስክ 21 ከወጣበት ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ተወግዷል፤ ያለው ተተኪው ፒጄሲፕ ብቻ ነው። አስቴሪስክ ቅንብሩን የሚቀይር ስክሪፕት አብሮ ይሰጣል፣ ግን እጅ ያስፈልገዋል። በእጅ የተጻፈ ዳያልፕላን ውስጥ መደወያው የድሮውን የቻናል ስም የሚጠራ ከሆነ ጥሪው ዝም ብሎ ይከሽፋል። አንድ ኤክስቴንሽን በጠረጴዛ ስልክና በሞባይል የሚያዝ ከሆነ የሚፈቀዱት መሣሪያዎች ብዛት መጨመር አለበት፤ አለበለዚያ አንዱ ሌላውን ያስወጣዋል። ጥሪ በ32ኛው ሰከንድ ገደማ ላይ በተደጋጋሚ የሚቋረጥ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሰርቨሩ የውጭ አይፒውን ስላላወቀ ለሌላኛው ወገን የውስጥ አድራሻውን ሰጥቷል፤ ማረጋገጫው ሳይደርስ ሲቀር ጥሪው ይዘጋል። በፒጄሲፕ የትራንስፖርት ቅንብር ላይ የውጭ አድራሻውንና የውስጥ ኔትወርኩን መሙላት ይፈታዋል። ራውተሩ ላይ የሲፕ መልእክቶችን በራሱ የሚቀይረው የሲፕ ኤኤልጂም ይጥፋ።

ብዙዎች አሮጌው ላይ ታስረው የሚቀሩት ግን በሶፍትዌሩ ሳይሆን ውስጡ በተሰካው ካርድ ነው። የአናሎግ ወይም የኢ1 (የዲጂታል) መስመር የሚቀበሉ አሮጌ ፒሲአይ ካርዶች ድጋፍ ካርዶቹን ከአስቴሪስክ ጋር በሚያገናኘው በዳህዲ ሶፍትዌር 3.0 ስሪት ለብዙዎቹ ቀርቷል። መፍትሔው መስመሩን ወደ ሲፕ የሚቀይር ራሱን የቻለ ጌትዌይ መግዛት ነው። ካርዱ ከሰርቨሩ ከወጣ በኋላ ሰርቨሩ እንደ ማንኛውም ማሽን ይዘመናል፤ ቨርቹዋል ማሽንም ሊሆን ይችላል።

ቁጥሮቹን ከማዞራችሁ በፊት 3 ወይም 4 ስልኮችን ብቻ አሻግሩና ፈትሹ፦ ገቢ፣ ወጪ፣ ማስተላለፍ፣ ማቆየት፣ የአውቶማቲክ መልስ ሰጪው ቁልፎች፣ ፋክስ ካለ ፋክስ። የድንገተኛ አደጋ ቁጥሩንም አስቀድማችሁ ለተቋሙ አሳውቃችሁ ሞክሩ፤ ሁልጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

መሸጋገር ፈጽሞ የማይቻልበት ቦታ አለ፤ ለምሳሌ ከአንድ የድሮ ፕሮግራም ጋር የተሳሰረ የጥሪ ማዕከል። እዚያ አሮጌውን ሰርቨር በራሱ ቪላን (የተለየ የኔትወርክ ክፍል) ላይ ብቻውን አስቀምጡት፣ የኢንተርኔት መውጫ ጌትዌይ አትስጡት፣ ትራንኩን ፊት ለፊት በሚቆም ወቅታዊ ካማይሊዮ (የሲፕ ሰርቨር) ወይም ኤስቢሲ (ጥሪን በኔትወርኩ ድንበር ላይ የሚቆጣጠር ማሽን) ላይ አሳርፉ። ኤስቢሲው የተበላሹ የሲፕ መልእክቶችን ይጥላል፣ የጥሪ ብዛት ይገድባል፣ አሮጌው ሰርቨር የሚያናግረውም እሱን ብቻ ይሆናል። የጥሪ መዝገቡን በየ15 ደቂቃው የሚያይና ከሥራ ሰዓት ውጭ የወጡ የውጭ አገር ደቂቃዎች ከተወሰነ ቁጥር ሲያልፉ መልእክት የሚልክ ትንሽ ስክሪፕትም ይጨመር፤ ስክሪፕቱ ግን በሌላ ማሽን ላይ ይሩጥ፣ መልእክቱም ቅዳሜ ሌሊት ስልኩን ለሚያነሳ ሰው ይድረስ።